የኪራይ ውል ይመዝገብ፤ ካርታ በሌለው ቤት የሚኖር ተከራይም አይዘለል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
አዲስ አበባ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ከዚያ በፊት ከግለሰብ ቤት የተከራየ ሰው የሚይዘው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋጋውን ለአከራይና ለተከራይ ስምምነት ትቶት ስለነበር፣ አከራዩ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምር፣ አለበለዚያ ልቀቅ» ሲል ተከራዩ ወይ ይጨምራል ወይ ዕቃውን ይጭናል። በ2012 በኮሮና ወቅት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ከዚያ በኋላ የከተማ አስተዳደሩ ያወጣቸው ክልከላዎች ለጊዜው ፋታ ቢሰጡም ጊዜያዊ ነበሩ። ይኸኛው ግን ቋሚ ሕግ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የኪራይ ውል በማዘጋጀትና ተከራዮችን በማማከር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስንሆን፣ አዋጁ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ነዋሪውም የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ሊያደርጓቸው የሚገቡ ነገሮች ስላሉ ነው።

አዋጁ ምን ይላል? ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ ይረጋገጣል፣ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው ተመን አያልፍም። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠሩት በቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ሥር ያሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው።

ሕጉ የሚበላሸው ከሁሉ በፊት ሁለት ዋጋ ሲኖር ነው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይበዛበት ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ያስጽፋል፣ ቀሪውን በእጅ ይቀበላል። ተከራዩም ቤቱን ላለማጣት ይስማማል። ለምሳሌ እውነተኛው ኪራይ 8,000 ብር ሆኖ ውሉ ላይ 5,000 ተጻፈ እንበል። በየወሩ 3,000 ብር ያለ ደረሰኝ ይሄዳል፤ በ2 ዓመት ውል 72,000 ብር ማለት ነው። ነገ ጠብ ቢነሳ ተከራዩ ይህን ገንዘብ ከፍያለሁ ብሎ የሚያስረዳበት ነገር የለውም። የዓመቱ ጭማሪም የሚሰላው በተመዘገበው 5,000 ላይ ስለሆነ፣ አከራዩ ኪሳራውን የሚያካክሰው በእጅ የሚቀበለውን ከፍ በማድረግ ነው፤ ያ ደግሞ ምንም ገደብ የለበትም። ተከራዩ በዚህ ስምምነት አዋጁ የሰጠውን ጥበቃ በገዛ እጁ ፈረመና አስረከበ ማለት ነው። «ለአከራዩ ግብር ሳስብለት እኔ ምን ቸገረኝ» የሚል ሰው ብዙ አለ። የሚቸግረው እሱን ነው።

ቅድሚያ ክፍያም እንደዚሁ ነው። የ6 ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ዛሬም አለ፤ በ8,000 ብር ኪራይ 48,000 ብር ነው። ሕጉ የሚፈቅደው 16,000 ብር ነው። ልዩነቱን «ዋስትና»፣ «የዕቃ ማስያዣ» ወይም «የቁልፍ» ብሎ ስም መቀየር ሕጋዊ አያደርገውም። የደላላ ክፍያ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ከኪራዩ ጋር አይደባለቅ፤ ደላላው ለሠራው ሥራ ለብቻው ይከፈለው፣ ውሉ ውስጥ ግን አይግባ።

ሲከፈል ባንክ መላክ ብቻውን አይበቃም። በሲቢኢ ብርም ሆነ በቴሌብር ሲላክ ምክንያት የሚሞላባት ቦታ አለች፤ አብዛኛው ሰው ባዶ ይተዋታል ወይም «ብር» ብሎ ይጽፍባታል። እዚያ ላይ «የጥቅምት 2018 ኪራይ፣ ብሎክ 14፣ ቤት 07» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ገንዘቡ የሚገባው በውሉ ላይ ስሙ ባለው አከራይ ሒሳብ ይሁን። አከራዩ «ለእህቴ ላክላት» ካለ፣ የእህትየው ሒሳብ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፍ ወይም በጽሑፍ ይላክልህ፤ አለዚያ ኋላ «ኪራይ አልደረሰኝም» ቢልህ መልስ የለህም። ጳጉሜንም አንርሳ። ሁለቱ ወገኖች ወሩን ከ1 እስከ 30 እየቆጠሩ ይሄዱና መስከረም ሲገባ የአምስቷ ቀን ጭቅጭቅ ይነሳል። «ኪራዩ በ12 ወር የሚከፈል ሲሆን ለጳጉሜን ተጨማሪ አይጠየቅም» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ማስገባት ያንን ሁሉ ያስቀራል።

ከማን ጋር እየተዋዋሉ እንደሆነ ማወቅ ሌላው ነው። የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች ብዙዎቹ ውጭ አገር ወይም ክፍለ አገር ናቸው፤ ቤቱን የሚያከራየው ወንድም፣ አክስት ወይም ጎረቤት ነው። ውክልናው በኤምባሲ የተሰጠ ከሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ መመዝገቡን ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በአንዳንድ ወረዳዎች ያለ ችግር አለ፤ ጠቅላላ ውክልና ይዞ የመጣን ሰው «ማከራየት የሚል ልዩ ውክልና አምጣ» ብለው ይመልሱታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ግን ከ3 ዓመት የማይበልጥ ኪራይን እንደ አስተዳደር ሥራ ስለሚቆጥረው፣ ለ2 ዓመት ውል ጠቅላላ ውክልና ይበቃል። ባለጉዳዩ ይህን አንቀጽ በጨዋነት ጠቅሶ ቢያስረዳ ብዙ ምልልስ ይቀርለታል። ምስክር 2 ሰው ይፈርም፤ የባለቤትነት ማስረጃው (ካርታ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሽያጭ ውሉ)፣ የሁለቱም መታወቂያና ውክልናው ኮፒ ከውሉ ጋር ይያያዝ።

ቤቱን ሲረከቡ ርክክቡ በወረቀት ይሁን። የመብራት ቆጣሪው በካርድ የሚሠራ ከሆነ በዚያ ቀን የቀረው ስንት እንደሆነና ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት ይታይ። የውኃ ቆጣሪው ንባብ ይጻፍ፤ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ በአዲሱ ላይ የሚወድቀው ይህ ስለማይደረግ ነው። ቆጣሪው ለብዙ ቤት የጋራ ከሆነ ክፍያው በሰው ቁጥር ነው ወይስ በቤት ቁጥር የሚለው ውሉ ላይ ይስፈር። የበር ቁልፍ ስንት ነው፣ የቧንቧው ራስ ይዘጋል ወይ፣ የሽንት ቤቱ ማጠቢያ ይሠራል ወይ፣ መስታወት የተሰበረ አለ ወይ፤ እነዚህ ሁሉ በስልክ ፎቶ ተነሥተው ለአከራዩ በዚያው ቀን ይላኩለት። ቤቱን በሚለቁበት ቀን «አንተ ነህ የሰበርከው» የሚለው ክርክር በዚህ ይዘጋል።

ማስለቀቂያ ምክንያቶቹ ይታወቃሉ፤ «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው»፣ «ላድሰው ነው»፣ «ሸጬዋለሁ»። የውሉ ዘመን ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻቸውን ተከራይን ለማስወጣት አያበቁም። ቤቱ ለሌላ ሰው በሽያጭ ሲተላለፍ ግን አዋጁ ለተከራዩ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ስለዚህ «ተሸጠ» ሲባል መጠየቅ ያለበት ማስረጃ የሽያጭ ውሉ ነው እንጂ የደላላው ቃል አይደለም። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ክልከላ ስላለበት፣ ባለቤቱ በቅርቡ የተረከበው ቤት «ተሸጠ» ከተባለ ጥያቄው ይጠናከራል። ተከራዩም ግዴታ አለበት፤ ዘመኑ ሳያልቅ መልቀቅ ከፈለገ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፣ ኪራይም በቀኑ መክፈል አለበት። ውዝፍ ያለበት ተከራይ በዚህ አዋጅ ሊከላከል አይችልም፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከፍለሃል ወይ» ነው።

እስከዚህ የጻፍነው ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም ውል ላለው ቤት ነው። ትልቁ ችግር ግን እዚያ አይደለም፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ተከራይ በአብዛኛው የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው።

ሦስት ዓይነት ቤቶችን እናንሣ። አንደኛው ጨረቃ ቤት ነው፤ በከተማዋ ዳር ዳር ያለ ፈቃድ የተሠራ፣ ካርታ የሌለው። ሁለተኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ራሱ ከሚኖርበት ቤት ቆርሶ የሚያከራየው ክፍል ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/67 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን አሁን የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለሆነው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት አስረከበ። ያ ኪራይ ለብዙ ዓመታት ዝቅ እንዳለ ስለቆየ የቀበሌ ቤት ኪራይ ከገበያው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ብዙ አባወራ ልጆቹን ይዞ አንዱን ክፍል ሲኖርበት ሌላውን ለደባል ይሰጣል፤ ይህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ ደባሉ ውል የሚባል ነገር አይታሰብለትም። ሦስተኛው በግለሰብ ግቢ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ነው፤ ግቢው ካርታ ቢኖረውም ክፍሎቹ በፕላኑ ላይ የሉም፣ አከራዩም ይህ እንዲታወቅበት አይፈልግም።

በእነዚህ ሦስቱ የሚኖሩት የቀን ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የቤት ሠራተኛ ሆነው ከሚሠሩበት ቤት ወጥተው ለብቻቸው የሚያድሩ ሴቶች፣ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችና ጡረተኞች ናቸው። ምዝገባ ሲባል የባለቤትነት ማስረጃ ከተጠየቀ እነሱ ወዲያው ከመዝገቡ ውጭ ይሆናሉ። ሕጉ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሕጉ የማይደርስባቸው ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ «ካርታ የሌለውን ቤት ብንመዘግብ ሕገ ወጥ ግንባታን ሕጋዊ ማድረግ ይሆናል» የሚል ስጋት አላቸው፤ ስጋቱ ይገባናል። ይሁን እንጂ የኪራይ ውል መመዝገብ የባለቤትነት መብት መስጠት አይደለም። ቅጹ ላይ «ይህ ምዝገባ በቤቱ ወይም በቦታው ላይ ምንም ዓይነት የይዞታ መብት አያስገኝም» የሚል መስመር አስገብቶ፣ በካርታ ፋንታ የመብራት ወይም የውኃ ክፍያ ደረሰኝ፣ የቀጣና ኮሚቴ ማረጋገጫ ወይም የሦስት ጎረቤት ቃል መቀበል ይቻላል። መዝገቡ ለሁለት ክፍል ይከፈል፤ አንዱ ካርታ ያለው፣ አንዱ የሌለው። ቤቱ ነገ ለኮሪደር ልማት ወይም ለመልሶ ማልማት ከፈረሰም፣ በዚያ ውስጥ ስንት ተከራይ ቤተሰብ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ይኖራል። በተለምዶ ሠፈር ሲነሣ የሚቆጠረው ባለይዞታውና የቀበሌ ቤት ተከራዩ ነው፤ የጓሮው ተከራይ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሲሄድ የት እንደሄደ የሚጽፍ የለም።

ከውል ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ የመንግሥት አገልግሎት ነው። ተከራይ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲዘዋወር ከቀድሞው መሸኛ አውጥቶ በአዲሱ ይመዘገባል፤ ለዚያ የሚኖርበት ቤት አከራይ ፈቃደኛ መሆን አለበት። ብዙ አከራይ «ቤቴ ላይ ሰው አላስመዘግብም» ይላል፣ ግብሩን ወይም ክርክሩን ፈርቶ። መታወቂያ የሌለው ሰው በዚያ ወረዳ ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መመዝገብ ይቸግረዋል፤ ከሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር በተራ ለመውሰድ ይቸግረዋል፤ ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት የነዋሪነት ማስረጃ ሲጠየቅ ይንከራተታል። የተመዘገበ የኪራይ ውል ያለው ሰው የአከራዩን ተጨማሪ ፈቃድ ሳይጠይቅ በወረዳው ነዋሪ ሆኖ ቢመዘገብ፣ አዋጁ ከኪራይ ዋጋ አልፎ ጤናንና ትምህርትን ይጠብቃል። ይህ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሆነው መረጃ ቢለዋወጡ ይበቃል።

የኮንዶሚኒየም ተከራዮች ደግሞ ለብቻ የሚነሣ ጉዳይ አላቸው። በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የማኅበሩ አባል የቤት ባለቤቱ ነው። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለፍሳሽ ማስወገጃ በየወሩ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ተከራዩ ነው። የውኃ ታንከሩ የሚሰነጠቀው፣ ፓምፑ የሚቃጠለው፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ ደጃፍ ላይ የሚፈሰው ተከራዩ ቤት ውስጥ እያለ ነው። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ከሆነ ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤ አይሟላም፤ ሳይሟላ ደግሞ የፓምፕ መግዣ መዋጮ አይወሰንም። አንድ ሞተር ተበላሽቶ 5ኛ ፎቅ ላይ ያለች አሮጊት እናት በጄሪካን ውኃ የምታስወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ በኪራይ ውሉ ውስጥ «በማኅበሩ ስብሰባ ስለጋራ አገልግሎቶች ተከራዩ እንዲወክለኝ ፈቅጃለሁ» ብሎ ቢያስገባ፣ ለማኅበሩም ለባለቤቱም ለተከራዩም ይጠቅማል። ይህን አንቀጽ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በሚያድለው ሞዴል ውል ላይ እንዲያክል እንጠይቃለን።

ነዋሪው ራሱ ምን ያድርግ? አንድ ተከራይ ብቻውን አከራዩን «ውሉን እናስመዝግብ» ሲል ቤት ይፈልግ ይባላል፤ ይህ ፍርሃት እውነት ነው። ስለዚህ በብሎክ ወይም በግቢ መሄድ ይሻላል። ሥራው እንዲህ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሰው ተመርጦ የብሎኩን ተከራዮች ዝርዝር ያዘጋጃል፦ የቤት ቁጥር፣ ውል አለ ወይ፣ ተመዝግቧል ወይ፣ ጭማሪ መቼ ተጠየቀ። ስም መስጠት የፈራ ሰው ቤት ቁጥሩን ብቻ ይስጥ። አከራዮቹን አስቀድሞ ማነጋገር ጥሩ ነው፤ ዕድር የሚያገናኛቸው ሰዎች ስለሆኑ የዕድሩ ዳኛ ቢናገራቸው በብዙ ቦታ ይሰማሉ። ከዚያ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብዳቤ ይቀርባል። ደብዳቤው በቃል አይሁን፤ ሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይመታበታል። ያቺ ገቢ ቁጥር ያላት ቅጂ ከሌለች በኋላ «አልደረሰንም» ቢባል መከራከሪያ የለም። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካልመጣ ያው ቅጂ ተያይዞ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ቢሮው ይሄዳል። አስተዳደራዊ በደል ከሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል፤ እዚያም የሚጠየቀው መጀመሪያ ለወረዳው ያመለከታችሁበት ደብዳቤ ነው።

አከራዩም መታየት አለበት። የብድር ዕዳ ያለበት፣ ጡረታው በኪራይ የሚሟላለት፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ያማረረው አከራይ አለ። እሱን የሚጎዳው ምዝገባው ሳይሆን ተመኑ በጊዜው አለመውጣቱ ነው። ተመኑ ቶሎ ከታወቀ ሁለቱም ወገን ለዓመቱ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ካልታወቀ አከራዩ በግምት ይጨምራል፣ ተከራዩም በፍርሃት ይከፍላል።

ስለዚህ ለከተማ አስተዳደሩ ያለን ጥያቄ ሦስት ነው። የዓመቱ የጭማሪ ተመን ቢያንስ ከሰኔ 30 ሳያልፍ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ካርታ የሌላቸው ቤቶች ተከራዮች የሚመዘገቡበት፣ የይዞታ መብት የማይሰጥ የተለየ ቅጽ ይዘጋጅ። የተመዘገበ ውል ይዞ የመጣ ተከራይ ለነዋሪነት መታወቂያ የአከራይ ቅጽ እንዳይጠየቅ ለወረዳዎች መመሪያ ይተላለፍ። ለአንባቢዎቻችሁ ደግሞ፦ ውላችሁ ከተፈረመ ገና 30 ቀን ካልሞላው፣ በዚህ ሳምንት ወረዳ ሂዱ።

የኪራይ ውል አዘጋጆችና አማካሪዎች፣ አዲስ አበባ